ሦስት ሲኒ ናፍጣ እስከ መገናኛ

ጋሽ ነጅመዲን የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ጉራራ ድረስ ያልረገጡት ግቢ፣ ያልጮኸባቸው ውሻ የለም። ደግሞ ቆጣሪውን አንብበው ብቻ የሚሄዱ ሰው አልነበሩም። ቧንቧው ላይ ጆሯቸውን አስጠግተው ትንሽ ይቆማሉ፤ ከዚያ የቤቱን እመቤት ይጠሩና፣ "ይህቺ ቧንቧ ከቅዳሜ ጀምሮ ታለቅሳለች፤ ማን ሞቶባት ነው?" ይላሉ። ከኪሳቸው ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠች ላስቲክ አውጥተው፣ ቧንቧዋን አስረው፣ እንባዋን አድርቀው ነው የሚወጡት። ያዘዛቸው የለም። ሌላው ሰው ደም ሲያይ ራሱን እንደሚያዞረው እሳቸውን ጠብታ ያዞራቸዋል።

"ማባከን ሐራም ነው" ይላሉ።

ሚስታቸው ዘሙሩድ ደግሞ፣ "ነጅሙ ለሶላት ውዱእ የሚያደርግበት ውኃ አንዲት ድመት አያጠጣም" ትላለች።

እኔ አገርነሽ ነኝ፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው። በዚያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ መገናኛ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ዘሙሩድ በስምንት ዓመት ብትበልጠኝም አንቺ ነበር የምንባባለው። ሳቋ ከግድግዳው ወዲህ ተሻግሮ የእኔን ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል። አባቷ የትሬንታ ኳትሮ ሾፌር ስለነበሩ መንዳት ያስተማሯት በዚያ የጭነት መኪና ላይ ነው፤ ከማግባቷ በፊት ያወጣችው መንጃ ፈቃድም ነበራት።

መኪናዋ የመጣችው በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ለጋሽ ነጅመዲን ሸጠላቸው። ፔጆ ሁለት መቶ አራት፣ የናፍጣ። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበረ ይባላል። ናፍጣ ማለት ለእኛ ሰፈር ጭነት መኪና ማለት ነው፤ እንዲህ ያለች ትንሽ የናፍጣ መኪና አይተን አናውቅም። ጋሽ ነጅመዲን ሲገቡባት መኪና የገቡ ሳይሆን ኮት የለበሱ ይመስላሉ። ድምጿ ግን የወፍጮ ቤት ነው። የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ሲያስነሷት ከታች ሰፈር አንዲት ሴትዮ ቁና ጤፍ ተሸክማ፣ "እዚህ ወፍጮ ተከፈተ እንዴ?" ብላ መጣች።

ያን ጊዜ ነዳጅ በኩፖን ነው። የቀበሌያችን የነዳጅ ኮሚቴ ለአንድ የቤት መኪና በሳምንት ስምንት ሊትር ይመድባል። ሌላው ሰው ስምንት ሊትር ሲሰጠው እያጉረመረመ ይወጣል። የጋሽ ነጅመዲን ፊት ግን በራ። ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የነበረ ቧንቧ በመጨረሻ የተሰጣቸው ይመስል ነበር።

ሊትር ለእሳቸው ሻካራ መለኪያ ነው። የዘሙሩድን የቡና ሲኒ አነሱና በሲኒ መስፈር ጀመሩ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጠዋት ጠዋት እኔን ሥራ ሲያደርሱ፣ ከቤት እስከ መገናኛ አምስት ሲኒ ያህል ሄደ። ጋሽ ነጅመዲን ይህን ሲያውቁ ምሳ አልበሉም።

"አምስት ሲኒ! አምስት ሲኒ ናፍጣ አፍስሰን አንድ አስተማሪ መገናኛ አደረስን" አሉ፣ እኔን እያዩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ሕይወት ተለወጠ። ጎማዎቹ በየሰኞው ይነፋሉ፤ የላላ ጎማ መሬቱን ይልሳል፣ ናፍጣ ይበላል። የአየር ማጣሪያው በየሁለት ቀኑ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ይመታል፤ ሞተር እንደ ሰው ነው፣ አፍንጫው ከተደፈነ ይደክመዋል። መኪናዋ የምታድረው ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አዙራ ነው፤ የፈረንሳይ ሰፈር ደግሞ ቁልቁለት አልጎደለውም። ይህ ሁሉ ደህና ነው፤ ቱሉ የሚባለው ጎረቤታችን እንኳ "ልክ ናቸው" ብሏል። ቱሉ ከእንጦጦ ጀርባ ጎመንና ድንች የሚያመላልስባት ፒክአፕ ነበረችው፤ እሷም በናፍጣ ነው የምትሄደው።

ነገሩ መበላሸት የጀመረው ክብደት ላይ ሲመጡ ነው። መጀመሪያ የሲጋራ መተርኮሻው ወጣ። ከዚያ ሬዲዮኑ። ከዚያ የኋላው ወንበር እንዳለ ተነቅሎ ጓሮ ገባ፤ በምትኩ ሁለት የቀርከሃ በርጩማ ተቀመጠ። እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ፣ መዞሪያ በመጣ ቁጥር ከግራ መስኮት ወደ ቀኝ መስኮት እየተንሸራተትኩ ሥራ እሄድ ነበር።

አንድ ጠዋት የስልሳ ተማሪ ደብተር ይዤ ወጣሁ። ጋሽ ነጅመዲን ደብተሩን ሲያዩ በሩን አልከፈቱልኝም።

"ልጄ፣ ስልሳውንም ነው የምታርሚው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"የጎበዞቹን ምን ያደርግልሻል? ጎበዝ መሆናቸውን ታውቂያለሽ። የሰነፎቹን ብቻ አትይዢም?"

"የሰነፎቹማ ይበልጣል፣ ጋሼ።"

ትንሽ አሰቡና፣ "እንግዲያው ምሳሽን እዚሁ ብይና ሳሕኑን ተዪው" አሉኝ።

"ሆዴ ውስጥ ቢሆንስ አይመዝንም?"

ይህን የተናገርኩት ለቀልድ ነበር። እሳቸው ግን እስከ ቀበና ድልድይ ድረስ አሰቡበት፤ ከዚያም በቁም ነገር፣ "ይመዝናል። ግን ቀስ በቀስ ይቀንሳል" አሉ።

የሚነዱት በካልሲ ነበር። ጫማ እግርን ያደነዝዛል፣ የነዳጅ መስጫውን ስሜት ይደብቃል ይላሉ። ዳገት ላይ እግራቸው የሚነካው እንደ ሐኪም ነው፤ ዳሰስ አድርጎ መለስ። አንድ ቀን ለቅሶ የሚሄዱ ሰዎች በእግራቸው ቀደሙን፤ መገናኛ ስንደርስ ቀብረው ሲመለሱ ተገናኘን። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ማርሹን ነፃ ያደርጋሉ፣ "ቢስሚላህ" ይላሉ፣ መኪናዋም ድምጿን አጥፍታ እንደ ሌባ ትወርዳለች። ፍሬን አይነኩም።

"ፍሬን ማለት የተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ልጄ። ያንን ፍጥነት በናፍጣ ነው የገዛሁት፤ ለምን እጥለዋለሁ?"

"ክላክሱንስ ለምን አይነፉም፣ ጋሼ? ሰው እኮ ሞተሩ ካልጮኸ አይሰማንም!"

"ክላክስ ባትሪ ይበላል። ባትሪ ሞተር ይበላል። ሞተር ናፍጣ ይበላል።"

ስለዚህ ክላክስ እኔ ሆንኩ። በየጠዋቱ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያልኩ ነበር የምወርደው። የክፍሌ ተማሪዎች ይህን አይተው "ቲቸር ዞር በሉ" የሚል ስም አወጡልኝ። ሦስት ዓመት ያህል ተጠራሁበት።

በአራተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት መገናኛ ስንደርስ ቀሪውን ቀድተው ሰፈሩ። ሦስት ሲኒ ብቻ ነበር የሄደው። ጋሽ ነጅመዲን መንገዱ ዳር ቆመው እጃቸውን ዘርግተው "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ አላፊ አግዳሚውም ከከባድ አደጋ የተረፉ መስሎት "እንኳን አተረፋችሁ" እያለ አለፈ።

ይህ ሁሉ በእኛ መካከል ቢቀር ኖሮ ምንም አልነበረም። እንዲወጣ ያደረገው መሪው ነው።

የመኪናዋ መሪ ማለቴ ነው። በክረምቱ መጨረሻ ላይ ወደ አንድ ጎን መጎተት ጀመረ፤ ጋሽ ነጅመዲንም መሪውን ለማቅናት ሲታገሉ ሦስቱ ሲኒ ወደ ሦስት ተኩል ወጣ። እንቅልፍ አጡ። አንድ እሑድ ጠዋት በቀበሌው ሱቅ ስኳር ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ ቱሉ አያቸውና፣ "ጋሽ ነጅሙ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?" አላቸው።

"መሪው ነዋ!" አሉ ጮክ ብለው። በሥራቸው ከውሻ ጩኸት በላይ መናገር ስለለመዱ ሁልጊዜም ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት። "መሪው አስቸገረኝ፣ ቱሉ! ቀጥ ብለን እንሂድ ስል ወደ ግራ ይጎትታል። በቃ ግራ፣ ግራ፣ ግራ ብቻ!"

ሰልፉ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ።

"መቼ ጀመረው?" አለ ቱሉ፣ ስለ መኪናዋ መሆኑን ስለሚያውቅ ምንም ሳይጠረጥር።

"ድሮም ነበረበት፤ አሁን ግን ባሰበት። ነዳጁን ጨረሰው እኮ! ዛሬ ነገ ፈትቼ ካላወረድኩት ሁላችንንም ገደል ነው የሚከተን።"

ከፊታችን የነበሩት ሴትዮ ምድጃ ላይ የጣዱት ነገር ትዝ አላቸውና ሄዱ። ከኋላችን የነበሩት ሁለቱ ሰዎችም ስኳር መተዋቸውን ተናገሩ። ባንድ ጊዜ እኔና ጋሽ ነጅመዲን የሰልፉ መጀመሪያ ሆንን። ከኋላችን የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ካኪ የለበሰው ጓድ ሀብተወልድ፣ የነዳጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር።

"ጓድ ነጅመዲን፣ ቢሮ እንገናኝ" አለ።

ሀብተወልድ ከእኔ ጋር እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል የተማረ ልጅ ነው። ክፉ አልነበረም፤ ሁሉን ነገር በቁም ነገር መያዝ ነበር በሽታው። ፈተና ላይ "ስም" የሚለውን ጥያቄ እንኳ አስቦ ነበር የሚመልሰው። እኔም ለምስክርነት ተከትዬ ገባሁ።

"የትኛው መሪ ነው ወደ ግራ የሚጎትተው?" ሲል ጠየቀ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ።

ለጋሽ ነጅመዲን ምን እንዳሉ የገባቸው ገና አሁን ነበር። "የመኪናዬ፣ ጓድ! ወላሂ የመኪናዬ! ክቡ፣ ጥቁሩ፣ በእጅ የሚያዘው!"

"ደግሞስ ወደ ግራ መሄድ ምን ጥፋት አለው?"

"ግራማ ግሩም ነው፣ ጓድ። እኔ ግራ እጄንም እወዳለሁ። ግን መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ በግራ በኩል ደግሞ የወይዘሮ ደብሪቱ አጥር አለ።"

ሀብተወልድ ይህን ሁሉ ጻፈ። የወይዘሮ ደብሪቱን አጥር ሳይቀር። ከዚያ ተነሣና፣ "ተጨባጭ ሁኔታውን በዓይኔ አያለሁ" አለ።

ወጣን። ጋሽ ነጅመዲን ጫማቸውን አወለቁ፤ ሀብተወልድ ፊት ተቀመጠ፤ እኔ በርጩማዬ ላይ። ሃምሳ ሜትር ሳንሄድ መሪውን ለቀቅ አደረጉላት፤ መኪናዋም ቀስ ብላ፣ ሳታፍር፣ ወደ ግራ ሄዳ የወይዘሮ ደብሪቱን አጥር ሳመች።

"እውነትም የመኪናው ነው" አለ ሀብተወልድ፣ ከፀጉሩ ላይ ቅጠል እያራገፈ። የጻፈውን ወረቀት ቀድዶ ኪሱ ከተተ። እኔ እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን ዓይኑ የናፍጣ መስፈሪያዋ ሲኒ ላይ አረፈ።

"ይህቺስ?"

ጋሽ ነጅመዲን ከፍርሃት ወደ ደስታ እንዲህ በፍጥነት ሲሻገሩ አይቼ አላውቅም። ስለ ጎማው፣ ስለ አየር ማጣሪያው፣ ስለ ካልሲው፣ ስለ ሦስቱ ሲኒ አንድ በአንድ አስረዱት። እስከ መገናኛ ወስደው መለሱትም። እኔ እንደ ልማዴ ቁልቁለቱን "ዞር በሉ!" እያልኩ ስወርድ ሀብተወልድም ከጎኔ በሌላው መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "ጓዶች፣ ዞር በሉ!" ይል ጀመር። ሲመለስ ዓይኑ በርቶ ነበር። "ይህ ሳይንስ ነው" አለ።

ረቡዕ ዕለት በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጓድ ነጅመዲን የቀበሌው አርአያ ነዳጅ ቆጣቢ መሆናቸውን ይገልጽና ከሥር ሁለተኛ አንቀጽ አለው። አንድ የቤት መኪና ሳምንቱን በሦስት ሊትር መጨረስ እንደሚችል በተግባር ስለተረጋገጠ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የሁሉም ድርሻ ሦስት ሊትር እንዲሆን፣ የጭነት መኪኖችም በዚሁ ስሌት እንዲቀነስባቸው ተወስኗል።

ጋሽ ነጅመዲን የመጀመሪያውን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አነበቡ። ሁለተኛውን ያነበበላቸው ቱሉ ነው፤ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ሰፈሩ አኮረፈ። ቱሉ ፒክአፕዋን አቆማት፤ ጎመኑ እንጦጦ ማዶ ቢጫ ሆነ። ባለ መኪናዎቹ ጋሽ ነጅመዲን ሲያልፉ ሰማይ ያያሉ። ቆጣሪ ለማንበብ ሲሄዱ "ውሻው አልታሰረም" ይባላሉ፤ ውሻው ታስሮ እያዩት። ቤት ለቤት ሲዞሩ ከሰላምታና ከሻይ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው፤ በአንድ ሳምንት ፊታቸው ተጎሳቆለ።

"እኔ እኮ ጠብታ እንዳይባክን ብዬ እንጂ፣ ሰው እንዲቸገር ብዬ አይደለም" አሉኝ፣ በርጩማው ላይ አጠገቤ ተቀምጠው። በዚያ ቀን መኪናዋንም አላስነሷትም።

እሑድ ዕለት ቱሉ ኩርፊያውን ትቶ መጣ። ባለ መኪናዎቹ ተሰብስበው ለኮሚቴው አቤቱታ አስገብተዋል፤ ሀብተወልድም "ሳይንስ ከሆነ መደገም አለበት" ብሎ ተቀብሏል። በሚቀጥለው እሑድ አሥር ሲኒ ናፍጣ ይቀዳል። መኪናዋ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት እስከ ጉርድ ሾላ ደርሳ በዚያው ናፍጣ ከተመለሰች ሦስት ሊትሩ ይጸናል፤ ካልተመለሰች የድሮው ድርሻ ይመለሳል።

"እና ጋሽ ነጅሙ፣ የሚጠበቅብዎት አንድ ነገር ነው" አለ ቱሉ። "ያባክኑ።"

"ማን? እኔ?"

"ይርገጡት! ፍሬን ይያዙ፣ እንደገና ይርገጡ። ለአንድ ቀን ብቻ።"

ጋሽ ነጅመዲን ተነሥተው ቆሙ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ቆሙ። ማባከን ሐራም ነው፤ ጎረቤትን ማስቸገርም ሐራም ነው። በመጨረሻ፣ "የጎረቤት ሐቅ ይበልጣል" አሉና ለመለማመድ ወጡ። ቱሉና እኔም አብረናቸው ነበርን። ጫማ አድርገው ተቀመጡ፤ "ያ ረቢ" አሉና እግራቸውን ሰደዱ። ሞተሩ ሊጮህ ሲል እግራቸው ራሱ ተመለሰ። እንደገና ላኩት፤ ተመለሰ። "እግሬ እምቢ አለኝ" አሉ። ላብ በላብ ሆነው፣ እየፈሩ፣ ቀስ ብለው መገናኛ ደረሱ። ቱሉ ቀሪውን ቀድቶ ሰፈረው።

ሁለት ሲኒ ተኩል ነበር የሄደው። ከዚያ በፊት እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

ቱሉ መንገድ ዳር ተቀምጦ ራሱን ያዘ። ጋሽ ነጅመዲን ደግሞ ሊያዝኑ ይሞክራሉ፣ ግን ከንፈራቸው ዳር ላይ ፈገግታ ያመልጣቸዋል።

ያን ቀን ከሰዓት ዘሙሩድ ይህን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"እናንተ ሰዎች፣ ማባከን የሚችል ሾፌር ፍለጋ ነው እንዲህ የምትጨነቁት?"

ባሏ ቀና ብለው አዩዋትና ፊታቸው አመድ መሰለ። በተጋቡ በአሥራ አንድ ዓመታቸው፣ መኪናዋም በመጣች በዓመቷ፣ አንድ ቀን እንኳ መሪ አስይዘዋት አያውቁም። እግሯ ሥር ያለ ሞተር ሁሉ ትሬንታ ኳትሮ ይመስላታል ይሉ ነበር።

"ዘሙዬ... አንቺ?"

"እኔ።"

እሑድ ደረሰ። ቀበሌው ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሀብተወልድ የናፍጣ መያዣው ሰልባቲዮ ባዶ መሆኑን በገመድ ለክቶ አረጋገጠና አሥር ሲኒ ናፍጣ በእጁ ቆጥሮ ጨመረ። ዘሙሩድ ሽቅርቅር ብላ፣ ሐምራዊ ሻሽ አስራ፣ ወፍራም ጫማ አድርጋ መጣች። ጋሽ ነጅመዲን ጎኗ ተቀመጡ፤ ሀብተወልድና ቱሉ በርጩማዎቹ ላይ፤ እኔ በሁለቱ መሐል የመኪናዋ ወለል ላይ።

ዘሙሩድ አስነሳችና ሳትሄድ ለረጅም ጊዜ እዚያው አስጮኸቻት። ጥቁር ጭስ ቀበሌውን ሸፈነው፤ ሰው እየሳለ አጨበጨበ።

"ለምን አንሄድም?" አሉ ጋሽ ነጅመዲን፣ በቀጭን ድምፅ።

"ላሙቃት እንጂ፣ ነጅሙ። ብርድ ነው።"

ከዚያ ሄድን። ሄድን ማለት አይበቃም። መኪናዋ ውስጧ ይህን ያህል ጉልበት እንደነበረ ማንም አያውቅም፤ ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም። በሁለተኛ ማርሽ ቀበናን አለፍን። ክላክሱ ያለ ዕረፍት ይነፋል፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘግቼ ተጓዝኩ። ዘሙሩድ ትረግጣለች፣ ፍሬን ትይዛለች፣ እንደገና ትረግጣለች። ፍሬን በያዘች ቁጥር ሁለቱ በርጩማዎች ወደፊት ይሄዳሉ፤ በረገጠች ቁጥር ወደኋላ ይመለሳሉ፤ ሀብተወልድና ቱሉ ሳይፈልጉ ብዙ ጊዜ ተቃቀፉ። ጋሽ ነጅመዲን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ቁርኣን የሆነ ነገር ይቀራሉ።

"ሦስት... አራት... ያ አላህ፣ አራት ተኩል..." ሲሉ ሰማኋቸው። ለካ በጆሯቸው ሲኒ እየቆጠሩ ነው።

መገናኛን አልፈን ጉርድ ሾላ ደረስን። ዘሙሩድ አንድ ሽንኩርት ሻጭ ፊት አቆመችና ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች።

"አጥፊው!" አሉ ጋሽ ነጅመዲን። "ዘሙዬ፣ ወላሂ፣ ቢያንስ አጥፊው!"

"አሁን መጣሁ፣ የኔ ጌታ።"

ሽንኩርት ሻጯ ኢፍቱ የምትባል የዘሙሩድ የልጅነት ጓደኛ ሆና ተገኘች። ስለ ጤና ተጠያየቁ። ስለ ልጆች ተጠያየቁ። ስለ ሽንኩርቱ ተከራከሩ። መኪናዋ ቆማ ትንፈቀፈቃለች። ጋሽ ነጅመዲን እጃቸውን ወደ ቁልፉ ይዘረጋሉ፣ የጎረቤት ሐቅ ትዝ ይላቸዋል፣ ይመልሳሉ። እንደገና ይዘረጋሉ። ቱሉ ከኋላ ሆኖ በሹክሹክታ "አይዞዎት፣ ጋሽ ነጅሙ፣ አይዞዎት" ይላቸዋል፤ ምጥ የያዛት ሴት እንደሚያጽናና ሰው። ዘሙሩድ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አስጭና ስትመለስ ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለና ዝም አለ።

ጋሽ ነጅመዲን ወርደው ኮፋኖው ላይ እጃቸውን አሳረፉ። "አለቀ" አሉ፤ ሲናገሩት ግን ከትከሻቸው ላይ አንድ ነገር የወረደ ይመስል ነበር።

ሀብተወልድ መዘገበ። ከዚያ ዙሪያውን አየና፣ "እንዴት ነው የምንመለሰው?" ብሎ ጠየቀ። ይህን ማንም አላሰበበትም ነበር።

ሀብተወልድ ጀሪካን ይዞ ወደ ማደያ ሄደ። ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ የሆነውን ቱሉ ነው አብሮት ሆኖ ያየው።

"ኩፖን?" አለው ቀጂው።

"እኔ የነዳጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነኝ።"

"ጥሩ ነው። ኩፖን?"

"ኩፖኑን የማድለው እኔ ነኝ እኮ!"

"እንግዲያው ለራስዎ ያድሉና ይምጡ። ቀጣይ!"

ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ሲመለስ ካኪው አቧራ ለብሷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ራርቶ ትንሽ ናፍጣ በጎማ ቱቦ ቀዳልን። ግን ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም፤ አንዴ ካለቀ ቧንቧው ውስጥ አየር ይገባል፣ አየሩ ካልወጣ ብትጨምሩበትም አይነሳም። ጋሽ ነጅመዲን እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። ብሎን አላሉ፣ ሳቡ፣ ተፉ፤ ጢማቸው እስኪያብረቀርቅ ድረስ። ሞተሩ ሲነሳ በጉርድ ሾላ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ እልል አለ።

"ዋጡት እንዴ፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ግማሽ ሲኒ" አሉ በኀዘን።

ወደ ቤት የነዱት እሳቸው ናቸው፣ በካልሲ። የተገኘችው ናፍጣ ጥቂት ስለነበረች በየዳገቱ እየወረድን ገፋን። ቀበና ላይ ሀብተወልድና ቱሉ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሲገፉ ዘሙሩድ የሽንኩርት ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ፣ "በርቱ ጓዶች!" ትላቸው ነበር። ሀብተወልድ እንድትወርድ ሊነግራት ቢፈልግም ትንፋሽ አልነበረውም።

ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ድርሻው ወደ ስምንት ሊትር ተመልሷል። ስለ አርአያ ቆጣቢ የሚናገረው ወረቀት ተነቅሎ ነበር። ጋሽ ነጅመዲን ያቺን ወረቀት ከቆሻሻው ውስጥ አንሥተው፣ ሁለተኛውን አንቀጽ በመቀስ ቆርጠው፣ የመጀመሪያውን ቤታቸው ሰቀሉት። ቱሉ በዚያው ሳምንት አንድ ትልቅ ጥቅል ጎመን ይዞ መጣ። ውሾቹም እንደገና ታሰሩ።

መሪዋን ግን ዘሙሩድ ከዚያ በኋላ አልለቀቀችም። ከኢፍቱ ጋር ተስማምታ በሳምንት ሁለት ቀን ከጉርድ ሾላ ሽንኩርት ማምጣት ጀመረች፤ ስምንቱን ሊትር ሐሙስ ላይ ትጨርሰዋለች። ጋሽ ነጅመዲን ሥራቸውን በእግራቸው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ላይ አብረዋት ሲሳፈሩ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። ቆይተው አንዱን ብቻ መጨፈን ጀመሩ።

እኔ በሰባ ስድስት ሳገባ ሙሽራ ሆኜ የወሰደችኝ ዘሙሩድ ናት። ወንድይራድ የሚባል የካ ሚካኤል አጠገብ የሚኖር አንጥረኛ ነው ያገባኝ። መኪናዋ በአበባ ተሸፈነች፤ የኋላው ወንበርም ከጓሮ ወጥቶ፣ የዶሮ ላባ ተራግፎለት፣ ቦታው ተመለሰ። ልንነሳ ስንል ጋሽ ነጅመዲን ቀሚሴን ዙሪያውን አዩት። ሰፊ ቀሚስ ነበር፤ በዚያ ላይ ሁለት ሚዜዎች አሉ።

"እናንተ ሂዱ። እኔ በእግሬ እመጣለሁ" አሉ።

"ጋሼ፣ በሠርጌ ቀን እንኳ?"

"ጎማው እንዳይጨነቅ ብዬ ነው፣ ልጄ።"

ዘሙሩድ ለፎቶ ሦስት ቦታ አቆመች፤ ለሰላምታ አራት ቦታ። የካ ሚካኤል፣ ሙሽራው ቤት ስንደርስ ጋሽ ነጅመዲን የአዲሱን ኮታቸውን አቧራ አራግፈው ጨርሰው በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ግቢው ውስጥ ያለችው የሙሽራው ቧንቧ ታንጠባጥብ ስለነበረ በዚያ መሐል አስረዋት ጨርሰዋል። እጃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ መጥተው በሩን ከፈቱልኝና፣ "ውረጂ፣ የኔ ልጅ፤ እንኳን ደስ አለሽ። ባልሽ ደህና ሰው ይመስላል፣ ቧንቧው ላይ ብቻ ትንሽ ቸልተኛ ነው" አሉኝ።